የ1988ቱ ማትሪክ ተፈታኞች 30ኛ ዓመት፦ ደሴ ላይ እንዴት እንሰብሰብ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፣ መስከረም 24 ቀን 2018

ጀመዓው፣ እንዴት ሰነበታችሁ? አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንላችሁ።

ማትሪክ የተፈተንነው በ1988 ነው፤ ዘንድሮ ድፍን 30 ዓመት። ባለፈው ሳምንት ለልጄ ደብተር ልገዛ ፒያሳ ወጥቼ ሁለት የክፍላችንን ልጆች አገኘሁ። አንድ አንድ ስኒ ቡና ብለን የተቀመጥን ሦስት ሰዓት ቆየን። ስንነሳ "ይሄንን ሁላችንም ሆነን እናድርገው" ተባባልን። ልጽፈው ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።

ሐሳቤ ይኸውላችሁ። ጥር 16 ቅዳሜ ነው፤ ጥምቀት ያለፈበት፣ ጾም ያልገባበት። ደሴ ላይ እንገናኝ። አዳራሽ ያለው አንድ ሆቴል አነጋግሬያለሁ። ምሳው፣ ቡናው፣ ቲሸርቱ፣ ፎቶና ቪዲዮው ተደምሮ በሰው 5,000 ብር ይመጣል። ውጭ ያላችሁ 100 ዶላር ብትልኩ። አራት ሴክሽን ነበርን፣ በአንድ ክፍል ከሰባ የማያንስ ሰው ታጭቆ። እስከ ዛሬ ስልካቸውን ያገኘሁት 64 ሰዎች ናቸው። ሐሳብ ስጡበት።

ቁጥር 37 (ሜሪላንድ)፣ መስከረም 25

እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ መኪናዬን ጥግ አስይዤ ደጋግሜ አነበብኩት።

አንድ ጥያቄና አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጥያቄው፦ ነሐሴ ቢሆን አይሻልም? እዚህ ልጆች ትምህርት የሚዘጉት በበጋቸው ነው፣ ያኔ ቤተሰብ ይዞ መምጣት ይቻላል። ጥር ላይ የምመጣ ከሆነ ብቻዬን ነው። ማሳሰቢያው ደግሞ ስለ ገንዘብ ነው። ከአሁን በፊት ለብዙ ነገር አዋጥተን የት እንደገባ ሳናውቅ ቀርተናል። ማን ስንት እንደሰጠ ስሙ ከነመጠኑ በየሳምንቱ ይለጠፍ። ግልጽ ከሆነ እኔ የሦስት ሰው እከፍላለሁ።

የቧንቧ ውሃዋ (ጅዳ)፣ መስከረም 25

ማሻ አላህ! አብሽሩ፣ ቀኑን በእኔ ምክንያት አታስቡት፤ የእኔ ፈቃድ ከረመዳን በኋላ ስለሆነ ጥር ላይ በስልክ ካልሆነ አልኖርም። ነሐሴ ግን ይቅር። የደሴን ክረምት ረሳችሁት? ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ሰውና ሰው በማይተያይበት፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት በሚውጥበት ወር ሽማግሌ መምህራኖቻችንን ከቤት ልታስወጡ ነው? ነሐሴ እኩሌታውም ፍልሰታ ነው። ታኅሣሥ እንዳትሉ የገና ጾም እስከ 28 ይዘልቃል። የካቲት 11 ገደማ ደግሞ ረመዳን ይገባል፣ ሁዳዴም ከሱ ሁለት ቀን ቀድሞ ይጀምራል። ስቆጥረው ለሁላችንም አንድ ላይ የሚሆን ቀዳዳ ከጥምቀት እስከ ነነዌ ጾም ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው። ቅዳሜ መሆኑም መልካም ነው፤ ጁምዓም አይደል፣ ሰንበት ቅዳሴም አይደል፣ የዓርብ ጾምም አይደል።

ሌላ ልነግራችሁ የምፈልገው፦ ሴቶቹን በፌስቡክ ስትፈልጉ አታገኟቸውም። በዚያን ጊዜ ወደ ዓረብ አገር የወጣነው ብዙዎቻችን በፓስፖርት ላይ ስማችን ሌላ ነው። እዚህ ጅዳ በሌላ ስም የምትታወቅ የ12ኛ ሲ ልጅ ለአሥራ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ሆና ኖራለች፣ እኔም ሳላውቃት። አንድ ቀን ሽሮ ስታማስል "ውይ ጉዴ፣ ደወል ሳይደወል" አለች። ይቺን አባባል ደግሞ ከክፍላችን ሌላ የሚላት የለም። ማንኪያውን አስጥዬ አቀፍኳት። ስለዚህ የሰፈር ስምና የቅጽል ስም ሰብስቡ፤ ሴቶቹን ለእኔና ለሷ ተዉልን።

ሸዋ በር (ደሴ)፣ መስከረም 27

ቀኑ ላይ ተስማምቻለሁ። ስለ 5,000 ብሩ ግን አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በ2008 የሃያኛውን ዓመት ስናከብር በር ላይ ጠረጴዛ ይዘን ከተቀመጥነው ሁለት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ስም እንጠራለን፣ የከፈለው ላይ ምልክት እናደርጋለን፣ ያልከፈለው ገንዘቡን አውጥቶ ይቆጥርልናል። ከበሩ ማዶ ሊስትሮዎች አሉ። አንዱ ጋ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ተቀምጦ ጫማውን ያስጠርጋል። ኮቱ እጅጌው ረዝሞ ጣቶቹን ሸፍኗል። ሊስትሮው ጨርሶ ሲነሳ ሰውየው "ድገመኝ" አለው። ጫማው እንደ መስታወት ያበራል፤ እሱ ግን ለሁለተኛ ጊዜ እግሩን ሳጥኑ ላይ አወጣ። ዓይኑ እኛ ላይ ነው። ቀና ብዬ ሳየው አወቅኩት።

ያን ልጅ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ፣ ስሙን አልጽፍም። ማትሪክ ሲደርስ አልጀብራ ያልገባን ሁሉ ማታ ማታ ከመብራት እንጨቱ ሥር ተሰብስበን በኖራ አስፋልት ላይ እየጻፈ ያስረዳን የነበረው እሱ ነው። ስሙን ጠርቼ "ና እንጂ!" አልኩት። ተሻግሮ መጣ። ሰላም እየተባባልን ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ወረደ። "ያልከፈሉ" የሚል አምድ ነበረው። አንዱ ከኋላው ብሩን እየቆጠረ ነበር። "አንዴ ስልክ ደውዬ ልመለስ" አለኝ። ስልክ በእጁ አልነበረም። አልተመለሰም።

ኮቱ የአማቹ መሆኑን በኋላ ሰማሁ። ሊመጣ ሦስት ቀን ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ገበያ ባጃጅ ይዞ ሳየው ሰላምታ ይሰጠኛል፣ ግን ባጃጁን አያቆምም።

እኔ ተነስቼ አላስቆምኩትም። ሊስቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። አሥር ዓመት ሙሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ዘንድሮ በር ላይ ጠረጴዛ የሚኖር ከሆነ እኔ ከዚህ ነገር ውጭ ነኝ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፣ መስከረም 27

ይሄን አላውቅም ነበር። በዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ሆኜ "እሱ ለምን ቀረ፣ ኮራብን እንዴ?" ካሉት አንዱ ነኝ። ይቅር ይበለኝ።

5,000 ብሩን አንስቻለሁ። በምን እንደምንተካው እናንተ ንገሩኝ።

ነርሷ (ስቶክሆልም)፣ መስከረም 28

ሳለቅስ አደርኩ። እኔም እሱ ጋር ነው አልጀብራ የተማርኩት፤ መብራት እንጨቱ ሥር ከነበሩት ሦስት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ፣ እናቴ በመስኮት እያየችኝ።

12ዲ፣ ኋላ ወንበር (አዲስ አበባ)፣ መስከረም 28

እኔ በሰፈሬ ዕድር ለዘጠኝ ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ከዚያ ያየሁትን ልናገር። ዕድር ድሃውንና ሀብታሙን አንድ ድንኳን ሥር ያስቀመጠው መዋጮው ትንሽና እኩል ስለሆነ ነው። ለሐዘንተኛ ከዚያ በላይ መርዳት የፈለገ ለብቻው፣ ማታ፣ ማንም ሳያየው ይሄዳል። እኛም እንደሱ እናድርግ።

መግቢያ የሚባል አይኑር። የጋራ ሒሳብ በሦስት ሰው ስም እንክፈት፣ ከሦስቱ ሁለቱ ካልፈረሙ ገንዘብ የማይወጣበት። አንዱ ፈራሚ ደሴ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ኮምቦልቻ ትሁን። የቻለ የቻለውን ያስገባ፤ ማን ስንት እንዳስገባ ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አይወቅ። ከእኛው መካከል ባንክ ቤት የሠራ አለ፣ እሱ ይያዝ። በማንም የግል ስልክ በቴሌብር እንዳትልኩ፤ ተቀባዩ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ገንዘቡ ከቤቱ ገንዘብ ጋር ይደባለቅበታል፣ ኋላ ሐሜት ይሆናል። ዕድር ሲፈርስ ያየሁት በሌባ አይደለም፣ በእንዲህ ያለው መደባለቅ ነው።

ቲሸርቱም ይቅር። በሚታጠፍ ካርቶን ላይ ስምና ሴክሽን ጽፎ ደረት ላይ ማንጠልጠል ይበቃል፤ በ30 ዓመት ፊታችን ተለውጧል።

ቁጥር 37 (ሜሪላንድ)፣ መስከረም 29

እኅቴ፣ ሐሳብሽ ገብቶኛል፤ ግን አንድ ነገር ፍቀጂልኝ። ከዚህ የሚልከው ሰው ቀን ከሌሊት ሠርቶ ነው። የስም ዝርዝር ካልተለጠፈ በምን እናምናለን?

12ዲ፣ ኋላ ወንበር (አዲስ አበባ)፣ መስከረም 29

ጥያቄህ የሚገባ ነው ወንድሜ። የሚለጠፈው የሚከተለው ይሁን፦ ገቢው በድምር፣ ወጪው በዝርዝር። "እስከ ዛሬ ከ48 ሰው ይህን ያህል ገባ" ይባላል፤ ስም የለም። ወጪው ግን እስከ ጨው ድረስ ከነደረሰኙ ፎቶ ይለጠፋል። አንተ ያስገባኸውን ታውቃለህ፣ ገንዘብ ያዡ የላከልህ ማረጋገጫ እጅህ ላይ ነው። የሌላው መጠን ግን ምን ያደርግልሃል? በሊስቱ ላይ 200 ብር ብሎ ስሙን ያየ ሰው ጥር 16 አይመጣም።

ቁጥር 37 (ሜሪላንድ)፣ ጥቅምት 2

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ልክ ነሽ። ማወቅ የምፈልገው ወዴት እንደሄደ ነው፣ ከማን እንደመጣ አይደለም። የሦስት ሰው ያልኩትን ወደ አምስት አድርጌዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አይነገር።

መምህርቷ (ኮምቦልቻ)፣ ጥቅምት 4

ሮስተሩን ልፈልግ ሄጄ ነበር። የአራቱም ሴክሽን አልተገኘም፤ የ12ኛ ኤ እና የ12ኛ ቢ ብቻ ነው የተረፈው፣ እሱም ጠርዙ ዝናብ በልቶታል። በስልኬ ገጽ በገጽ አነሳሁት። የቀሩትን ሁለት ክፍሎች ከሰው ትውስታ እንሰበስባለን፤ በመቀመጫችን ረድፍ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ማን ከማን ጎን እንደነበረ እየጻፍን። በተራ ቁጥር ከማስታወስ ይልቅ በወንበር ማስታወስ ይቀላል፣ ሞክሩት።

ስሞቹን ሳነብ ግን ልቤ ወደቀ። ከሁለቱ ክፍል ብቻ ያለፉትን አሥራ ዘጠኝ ቆጠርኩ። ከእነሱ ስድስቱ በኤርትራው ጦርነት፣ ከ1990 እስከ 1992 ባለው፣ ያለቁ ናቸው። ማትሪክ ነጥብ ሳይመጣላቸው ቀርቶ ሥራ ሲፈልጉ የነበሩት ልጆች ናቸው የዘመቱት።

ለእነሱ ምን እናድርግ? እኔ የማስበው ንግግር ሳይሆን ስም መጥራት ነው። የየክፍሉ አለቃ በነበረበት ቦታ ቆሞ፣ እንደዚያን ጊዜው፣ ስምና የአባት ስም ይጥራ። ያ ልጅ አጠገብ የሚቀመጥ የነበረው ዝም ብሎ ይነሳ። ከዚያ ሙስሊሙ ዱዓ፣ ክርስቲያኑ ጸሎት ያድርግ። እናቶቻቸው በሕይወት ያሉትን ደግሞ እንጥራ፤ እስካሁን አራት እናቶች አግኝቻለሁ። አንዷን ሄጄ አነጋገርኳቸው። "ጓደኞቹ አሁን ሽበት አወጡ?" ብለው ጠየቁኝ። አዎ እትዬ አልኳቸው። "እስቲ ልያቸው" አሉ።

የቧንቧ ውሃዋ (ጅዳ)፣ ጥቅምት 4

ያ ረቢ። እኔ አጠገቤ የምትቀመጠው ከስድስት ዓመት በፊት ያረፈችው ናት። ስሟ ሲጠራ የሚነሳላት እንዳይጠፋ፣ አንዳችሁ በእኔ ፋንታ ተነሱላት። አደራ።

ሮቢት (አዲስ አበባ)፣ ጥቅምት 11

ስለ ምግቡ። እዚህ ከአንዳንድ ልጆች ጋር ስናወራ "ውጣ ውረድ እንዳይበዛ የጾም ብቻ ይሁን፣ ሁሉም ከአንድ ይበላል" የሚል ሐሳብ ተነሳ። እናንተስ?

ሸዋ በር (ደሴ)፣ ጥቅምት 11

ምን በወጣን! እኛ እኮ ወሎዬዎች ነን። በሁለት ድስት እየተሠራልን በአንድ ምንጣፍ ተቀምጠን ያደግን ሰዎች ነን። ሁለት በሬ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ወጥ ቤት። ድስቱም ጭልፋውም ሳይነካካ ለየብቻ ይሁን፣ የሙስሊሙን ወጥ ሙስሊም ሴቶች፣ የክርስቲያኑን ክርስቲያኖቹ ይያዙት። አስተናጋጁ ሲያቀርብ ጠይቆ ያቅርብ። አቀማመጡ ግን በሴክሽን ነው፣ እንደ ድሮው፤ በድስት አንለያይም። የጾምም ይኑር፣ በሕክምና ሥጋ የተከለከለ ብዙ ነው በዚህ ዕድሜያችን።

ነርሷ (ስቶክሆልም)፣ ጥቅምት 19

አውቶግራፌን አገኘሁት! ከደሴ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም ወደዚህ ይዤው የመጣሁ ደብተር ነው። ሽፋኑ ላይ የጽጌረዳ ሥዕል ያለው፣ ያ ሁላችንም ከአንድ ሱቅ የገዛነው። 41 ልጆች ጽፈውልኛል። "የምትወጂው ቀለም፣ የምትወጂው ምግብ፣ የምትጠይው ነገር" ብዬ በማስመሪያ ያሰመርኩባቸው መስመሮች አሉ። የምትጠላው ነገር የሚለው ላይ አሥራ አራት ሰው "ውሸት" ብሎ ጽፏል። አንዱ በቀይ እስክሪብቶ "ፈተናው ያልፋል፣ አንቺ ግን አትለፊኝ" ብሎ ከጻፈ በኋላ በሰማያዊ ሰርዞ "መልካም ዕድል" አድርጎታል።

ገጾቹን ለመምህርቷ ላክሁላት። ሙሉ ስምና ሰፈር ስላለበት ከጠፉት ዘጠኙ በዚህ ተገኙ። እናንተም ሻንጣችሁን፣ የእናቶቻችሁን ቁም ሣጥን ፈትሹ።

ቁጥር 37 (ሜሪላንድ)፣ ኅዳር 3

የሒሳብ መምህራችን አሉ? ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። "ሠላሳ ሰባት፣ ውጣ!" ነበር። ሰሌዳው ፊት ቆሜ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ቾኩን እጄ ላይ ያስቀምጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አትቸኩል፣ ቁጥሩ የትም አይሄድብህም" ይሉኝ ነበር። ዛሬ የምኖርበት ሥራ ከዚያ ሰሌዳ የመጣ ነው።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፣ ኅዳር 5

አሉ። ሳላይሽ ነው ቤታቸው። ትናንት ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ በድምፅ ነው የሚለዩት። ስሜን ነገርኳቸው፣ አላስታወሱኝም። "12 ቢ፣ ቁጥር 52" ስላቸው ግን ሳቁና "ጂኦሜትሪ ላይ ሰነፍ ነበርክ" አሉኝ። ልክ ናቸው።

በሕይወት ያሉ መምህራን ሰባት አግኝተናል። ፎቷቸው ያለበት የመስታወት ሽልማት ልናሠራ ነበር። ከእሳቸው ቤት ከወጣሁ በኋላ ግን ሐሳቤ ተለወጠ። ለማያይ ሰው መስታወት ምን ያደርግለታል? ለሁሉም ጋቢ፣ ለእሳቸው ደግሞ ሕክምናውን እንቻል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፤ ከልጃቸው ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ ከታኅሣሥ በፊት ይወስዷቸዋል። ከተሳካ ጥር 16 ላይ ያዩናል።

መምህርቷ (ኮምቦልቻ)፣ ኅዳር 20

ለትምህርት ቤቱ ስለምንሰጠው ባጭሩ። ኮምፒውተር እንስጥ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ እኔ ቀድሞ ባስተማርኩበት ቦታ ከውጭ የተላኩ ኮምፒውተሮች ካርቶናቸው ሳይከፈት ሁለት ዓመት ሲቀመጡ ስላየሁ መጀመሪያ ጠየቅኩ። የተባልኩት ውሃ ነው። ሴት ተማሪዎች በወር አበባ ጊዜ ውሃ ስለማያገኙ ይቀራሉ። ሁለት ሮቶና የቧንቧ መስመር፣ ለሴቶች ብቻ የሆነ መታጠቢያ ክፍል። ደረሰኙን እለጥፋለሁ።

ሸዋ በር (ደሴ)፣ ጥር 8

እስካሁን ዝም ያልኩት ሥራዬን ስላልጨረስኩ ነው።

እሱ ቤት ሄድኩ። አንዴ አይደለም፣ አራቴ። መጀመሪያ "እስቲ አያለሁ" አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሚስቱ ቡና አፈላች፣ እሱ ግን ገበያ ወጥቷል ተባልኩ። ሦስተኛው ላይ ስለ ጠረጴዛው አነሳሁ፤ አሥር ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ነገርኩት። ዝም ብሎ ስኒውን ሲያዞር ቆየና "ጫማዬን ሁለቴ ያስጠረግኩት አይተኸኝ ነበር?" አለኝ። አይቻለሁ አልኩት። ሁለታችንም ብዙ አላወራንም ከዚያ በኋላ።

ትናንት ለአራተኛ ጊዜ ስሄድ ይዤ የሄድኩት ግብዣ ሳይሆን ሥራ ነበር። መምህራኑን ከየቤታቸው የሚያመጣ ሰው እንፈልጋለን፤ ሳላይሽ ያለው መንገድ ለትልቅ መኪና አይመችም፣ ለባጃጅ ግን ይሆናል። "የሒሳብ መምህራችንን አንተ አምጣልን፣ የነዳጅና የቀንህን ከሒሳቡ እንከፍላለን" አልኩት።

ተቆጣ። "እሳቸውን ላመጣ ልትከፍሉኝ ነው? የሚከፈለኝ ከሆነ ሌላ ባጃጅ ፈልጉ" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ልጁም ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ እጃቸውን ይዞ ይመጣል።

ነርሷ (ስቶክሆልም)፣ ጥር 8

በር ላይ ቆሜ የምጠብቃቸው እኔ ነኝ። ማንም እንዳይቀድመኝ።

ቁጥር 37፣ ጥር 13

አዲስ አበባ ገብቻለሁ። ነገ በኮምቦልቻው በረራ ነኝ። የሚቀበለኝ አለ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፣ ጥር 14

ኮምቦልቻ ኤርፖርት መምህርቷ ትጠብቅሃለች። በመኪና የምትመጡ በቀን ተጓዙ፣ ስትነሱ ለሮቢት ደውሉ፣ ደብረ ሲናና ከሚሴ ስትደርሱም እንደዚሁ። ከተማችን ማታ ማታ ብርዷ ያው ነው፣ ጋቢ ያዙ። ቤት ለሌለው እንግዳ 31 አልጋ በየቤታችን ተዘጋጅቷል፣ ሆቴል የሚከፍል እንዳይኖር።

የመጨረሻው ወጪና ገቢ ከላይ ተለጥፏል። 212 ሰው ተገኝቷል። ካልተገኙት አንዳንዶቹን የምናውቃቸው በቅጽል ስም ብቻ ነው፤ የምታውቁ ካላችሁ እስከ ነገ ማታ ንገሩኝ፦ 12ኛ ሲ መስኮት ሥር የነበረው "ብርዱ"፣ የሰኞ ገበያዋ "ኩኪ"፣ ከኩታበር በእግሩ ይመላለስ የነበረው ረጅሙ ልጅ።

የመምህሩ ፋሻ ተነስቷል። ቁጥር 37፣ ስለ አንተ ስነግራቸው "ያ ሲቸኩል የነበረው?" አሉ።